አቡጀዲ ላይ የምትሮጠው ልጅ

የብርጓል ከቅዳሴ ስትመለስ የቤቷን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገፍታ ልትገባ ስትል ከውስጥ የባሏ ታላቅ እኅት ማንጠግቦሽ፣ «እንግዲያው የሚካኤል ማግስት ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ተዝካር በሽሮ አይወጣም» ስትል ሰማቻት። ባሏ ቢተው አልመለሰም። ማንጠግቦሽ ዝምታውን እንደ እሺታ ወስዳ ጠላውን ነገ በጠዋት እንደምትጠነስስ፣ ቄሶቹን እሱ እንዲጠራ፣ ለሚስቱ ግን ራሷ እንደምትነግራት ቀስ እያለች ዘረዘረች። ዓርብ ዕለት ከአምበር በአህያ ጭና ያመጣችውን ጌሾና ገብስ ለደብረ ማርቆስ ገበያ ነው ብላ ነበር። የብርጓልም ነገሩን ሳትጠራጠር ጌሾ ሰሞኑን እንደ ረከሰ፣ ጥቂት ቆይታ ብታወጣው እንደሚሻላት መክራታለች። አሁን እጇን በሩ ላይ እንዳሳረፈች ደርቃ ቀረች። ፀሐይ የሞቀው የጭቃ ግድግዳ ይሸታታል። የማን ተዝካር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አንድ ልጃቸው ጥሩብርሃን ከጠፋች በሚካኤል ማግስት ሁለት ዓመት ይሞላታል። ያን ቀን አምበር ገበያ ቆሞ ነበር። የብርጓል ከፍየል ተራ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጇ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ከማር ተራ ነበሩ። የጣሊያን አውሮፕላን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሄደ ሲባል ሦስተኛውን ዞረና ቦምቡን ጣለው። ጭሱ ሲገለጥ ልጅቱ የለችም። የብርጓል የሞቱትን አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን እየገለጠች አየች፤ ልጇ ከነዚያ ውስጥ አልነበረችም። አንድ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚሸሹ ሰዎች መካከል ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰች ልጅ አየሁ አለ። ቢተው እስከ ቆላው አፋፍ ወርዶ ፈለገ፤ ከዚያ በታች ያለውን መንገድ ግን ጣሊያኖች ዘግተውት ነበርና ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሠፈሩ ሲቃጠል ቤታቸውም አብሮ ተቃጠለ። እጁ ላይ የአናጢነት ሙያ ስለነበረው ማርቆስ ገብተው ከጨርቅ ነጋዴው ከአብዱልቃኒ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እሱ ለጣሊያኖቹ ሠፈር ጣራ ይማግራል፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቱን በስሟ የጠራት የለም። በመጀመሪያ አንዱ ለአንዱ እያዘነ ነው የተወው፤ በኋላ ግን ስሙ ራሱ እንደማይነካ ዕቃ ሆነ።

ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ መደብ፣ ጥግ የተደገፈ የቢተው መጋዝና መሮ፣ ወለሉ ላይ በጠረጉት ቁጥር የማያልቅ የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ። ማንጠግቦሽ ቦታ አስለቅቃ አስቀመጠቻትና በደግ ድምፅ ነገረቻት። ማንጠግቦሽ ክፉ ሰው አይደለችም። ሦስት ልጆቿን ቀብራለች፤ ለሦስቱም ፍትሐት አስፈትታለች፤ ተዝካራቸውን አውጥታለች። የልጅቱ ነፍስ ያለ ፍትሐት ሁለት ዓመት መንገላታቷ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳት፣ አምናም ይህንኑ አስባ የብርጓልን ኀዘን አይታ እንደተወችው፣ አሁን ግን የጎረቤት አፍ እንኳ እንዳላረፈላት አስረዳች። የብርጓል እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እታለም፣ ልጄን ማን ገነዛት?» አለች በመጨረሻ።

ማንጠግቦሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። ቢተው ከመደቡ ተነሣ፤ ጋቢውን አጣፋና ሰንበቴ እንደሚሄድ ተናግሮ ወጣ። ካለፈው ወር ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰንበቴ ነው የሚለው። ሲመለስም የጠላ ሽታ አይሸተውም፤ ስለ ማኅበርተኞቹም የሚያወራው የለውም። የብርጓል ይህን ታዝባለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም። ማንጠግቦሽ ሰፌድ አንሥታ ገብሱን ማበጠር ጀመረች። እብቁ በበሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ እየተነሣ ሲወርድ የብርጓል አየችው። ይህ ገብስ ለማን እንደሆነ እያወቀች እዚያ መቀመጥ አልቻለችም፤ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ግቢው ውስጥ የአብዱልቃኒ ሚስት ሸሪፋ የታጠበ ጨርቅ ታሰጣለች። ልጆቿ በገመዱ ሥር ይጫወታሉ። አንዷ ትልቅ ጥቁር ሻሽ ተከናንባ ከአንዱ ጨርቅ ጀርባ ብቅ ትልና ሌሎቹን፣ «ስምህን ስጠኝ!» ትላቸዋለች፤ የተያዘ ልጅ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ዛፍ ይቆማል። የብርጓል ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ጠየቀች። ሸሪፋም ጣሊያኖቹ በእህል መጋዘኑ ውስጥ እሑድ እሑድ የሚያሳዩት ሲኒማ ያመጣው ጣጣ እንደሆነ፣ ልጆቹን ከባሏ ጋር ልካቸው ሌሊት እየጮኹ ስላስቸገሯት ከአሁን በኋላ እንደማይሄዱ ነገረቻት። ሲኒማው ጫካ ውስጥ ስለ ጠፋች አንዲት ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ እየተቆረሰ ይታያል፤ አንዲት ጥላ የሌላት ሴትዮ የጠፉ ልጆችን እየሰበሰበች ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የገበያው ሴቶች ሳይቀሩ ገብተው አልቅሰው እንደሚወጡ፣ ባሏ የጨርቅ ገበያው እሑድ ከሰዓት ጭር አለ ብሎ እንደሚያማርር እያወራች ሳለ ቆም አለችና የጎረቤቷን ፊት አየች። የብርጓል ልጅ ጠፍቶባት እንደነበር ከሰው ሰምታለች፤ በዓመት ተመንፈቅ ጉርብትና ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። ቶሎ ብላ ስለ ጨርቁ አወራች። ግመል ቀለም ያለው ካኪ ክንዱ ከአምናው በእጥፍ ጨምሯል፤ አቡጀዲም ቢሆን ጣሊያኖቹ ለሲኒማቸው እየገዙ አስወድደውታል አለች። የብርጓል ግን መጋዘኑ ወዴት በኩል እንደሆነ ጠየቀቻት።

ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ የጮቄ ተራራ በአንድ ጉልበት የሚደረስበት ይመስላል፤ ነፋሱ ግን ይለበልባል። የብርጓል የገበያውን ዳር ይዛ ስትሄድ የመንገዱ አቧራ፣ አዲስ የታጨደ ገብስ የጫኑ አህዮች፣ ከርቀት የሚሰማው የጣሊያኖቹ የመኪና ጩኸት ሁሉ የሌላ ሰው ከተማ መሰላት። በኅዳር አምበር ላይ እሷና ልጇ ከአውድማ ይውሉ ነበር። ልጅቱ ምርቱን ከወፍ ጠብቂ ተብላ ትቀመጥና፣ ወፎቹ ሲመጡ ዝም ብላ ታያቸዋለች። ሲቆጧት፣ «ትንሽ ነው የሚበሉት» ትላለች። ያኔ የብርጓል ትናደድ ነበር፤ አሁን የዚያን አውድማ ሽታ በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ አብልጣ ትፈልገዋለች። ማታ ማታ ደግሞ ልጅቱ ተረት ትወዳለች፤ ያውም የሚያስፈራውን። ጅብ ያገባችውን ሴት፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትዘፍነውን ሙት ካልነገሩኝ ትላለች። ሰምታ ስትጨርስ ግን እስከ ደጅ ለመውጣት የእናቷን ቀሚስ ትይዛለች። የብርጓል ያን የቀሚስ መጎተት አሁንም አንዳንድ ቀን፣ ከቤት ስትወጣ፣ በጀርባዋ በኩል ይሰማታል።

መጋዘኑ ድሮ የግብር እህል የሚከማችበት ነው። መስኮቶቹን በወታደር ብርድ ልብስ ሸፍነዋቸዋል። መግቢያ አይጠየቅም፤ ጣሊያኖቹ ሰው እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ። ወንዶች ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ፣ ሴቶችና ልጆች ከኋላ ቆመው፣ ከማዶ ግድግዳ ላይ የተወጠረውን ሰፊ አቡጀዲ ያያሉ። የብርጓል ከአንዲት አሮጊት ጎን ቆመች። በመጀመሪያ መርከብ፣ ሰልፍ፣ የድንጋይ ከተማ ታየ። ሕዝቡ በትሕትና ጠበቀ፤ ሲያልቅ ግን ሁሉም ተንቀሳቀሰ፤ አሮጊቷም፣ «አሁን ነው» አለቻት። ከአሥመራ የመጣው አስተርጓሚ ወልደ ሚካኤል በቀጭን ዘንግ አቡጀዲውን እየነካ፣ ይህ በሰው እጅ የተሣለ እንደሆነ፣ አንዱን እርምጃ ለማሳየት ብዙ ሥዕል እንደሚሣል ለአዳዲሶቹ አስረዳ። ያመነው ሰው እንዳለ አይታወቅም። ሥዕሉን የሚያበራው መኪና እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንቀጫቀጨ፤ አቡጀዲው ነጣ፤ ከነጩ ላይ በጥቁር ቀለም የተሣለ ጫካ በቀለ።

አሮጊቷ ያለፈውን በሹክሹክታ ነገረቻት። ልጅቱ እናቷ ከወንዝ ልብስ ስታጥብ አንድ ነጭ ወፍ ተከትላ ጫካ ገባች። ጥላ የሌላት ሴትዮ አገኘቻትና ቤቷ ወሰደቻት። እዚያ የጠፋ ልጅ ሁሉ አለ። ሴትዮዋ በየማታው አንድ ነገር ትለምናቸዋለች፤ መጀመሪያ ጫማቸውን፣ ቀጥሎ ጥላቸውን፣ በመጨረሻ ስማቸውን። ስሙን የሰጠ ልጅ ዛፍ ይሆናል። ያ የምታይው ጫካ ሁሉ ልጅ ነው አለቻት። የብርጓል አየችው፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ የተዘረጉ ትናንሽ ክንዶች ናቸው። ከግንዶቹ መካከል ልጅቱ መጣች። ፊቷ ነጥብና ጭረት ነው እንጂ የማንም ፊት አልነበረም፤ ጸጉሯ የፈረንጅ፣ ልብሷም የፈረንጅ ነው። የብርጓል እንደ ሌሎቹ ታያት ነበር። ከዚያ ልጅቱ ሮጠች።

በግራ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ፣ ቀኝ ክርኗን እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ውጭ አውጥታ፣ አንድ ተረከዟን ወደ ጎን እየወረወረች ነው የምትሮጠው። የብርጓል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወንዝ ስትጠራት፣ እሳት ለመጫር ጎረቤት ስትላክ፣ አባቷ ከርቀት ሲታያት ጥሩብርሃን የምትሮጠው እንዲህ ነበር። ሠፈሩ ይስቅባታል። እናቷም ለትዳር ስትደርስ ይህን አሯሯጥ መተው አለብሽ እያለች ትቆጣት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የልጇ ድምፅ፣ የጥርሷ አሰካክ፣ የአንገቷ ሽታ እየደበዘዘባት እንደመጣ ለማንም ያልተናገረችው የብርጓል፣ ይህንን አሯሯጥ ጨርሶ እንደረሳችው ያወቀችው አሁን ነው። የማያውቃት አንድ ሰው፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ ልጇን ሣለላት። ልጅቱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሮጥ አብራት ሮጠች፤ እግሯ ግን ከመጋዘኑ ወለል አልተነቃነቀም።

ሴትዮዋ ደረሰችባት። ረጅም ናት፤ ጣቶቿ እስከ ጉልበቷ ይወርዳሉ። ዝቅ ብላ ጠየቀቻት። ወልደ ሚካኤል ዘንጉን አወረደ። «እንግዲህ ስምሽ ማነው ነው የምትላት» አለ። «ልጅቱ ግን ቆይታለች እዚያ ቤት። ስሟ ጠፍቶባታል። ቢጠራት ሰው፣ ትድን ነበር። የሚጠራት የለም።» ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣትም። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቅጠል ማቆጥቆጥ ጀመረ። መጋዘኑ ውስጥ ከመኪናው መንቀጫቀጭ በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ጥሩብርሃን» አለ አንድ ሰው ከፊት አግዳሚ።

አልጮኸም። ከቤት ሆኖ ደጅ ያለ ልጅ እንደሚጠራ ሰው ነው ያለው። ጥቂት ወጣቶች ሊስቁ ብለው ተዉት። አሮጊቷ ዞር ብላ ለየብርጓል፣ «ለካ ጥሩብርሃን ነው ስሟ» አለቻት። ከኋላ ያሉት ልጆችም እየተቀባበሉ ጠሩት፤ ስሙ በጨለማው ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። የብርጓል ድምፁን ለመለየት አንድ ጊዜ መስማት በቂዋ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ሲወጣ ያልሰማችውን ስም፣ ባሏ በጣሊያን መጋዘን ውስጥ፣ በማያውቀው ሕዝብ መካከል፣ ለተሣለች ልጅ ጠራው። የአሮጊቷን ትከሻ ያዘች። አቡጀዲው ላይ ልጅቱ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ሥዕሉ ተቋረጠና ነጭ ጨርቅ ብቻ ቀረ።

የሚቀጥለው መቼ ነው የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ወልደ ሚካኤል ቀሪው ከአዲስ አበባ እንዳልመጣ፣ የዓባይን መንገድ ሽፍቶች እንደቆረጡት፣ ሲኒማውን ጭኖ የመጣው መኪናም በዚህ ሳምንት ከማርቆስ እንደሚሄድ ተናገረ። አንድ ሰው ቢያንስ መጨረሻዋን ንገረን አለው። እሱም አላየሁትም አለ፤ ሲለውም ያፈረ ይመስል ነበር።

ከውጭ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ቢተው ከሕዝቡ ጋር ጋቢውን እያስተካከለ ወጣና ሚስቱን ከበሩ ቆማ አያት። ሊናገር የሞከረው ስለ ሰንበቴ ነበር መሰል፤ ተወው። ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። የገበያውን ሜዳ ጨረሱ።

«አሯሯጧን አየሽ?» አላት።

«አየሁት።»

አራተኛ እሑዱ መሆኑን ነገራት። የመጀመሪያውን ቀን የመጋዘኑን ጣራ ሲያድስ መሰላል ላይ ሆኖ በቀዳዳ ነው ያያት፤ ከመሰላሉ መውደቅ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ሳያያት ሳምንቱ አልወጣ አለው። ለምን እንዳልነገራት ስትጠይቀው፣ ስሟን ቢያነሣባት የምትሰበር መስሎት እንደነበር ገለጸላት። የብርጓልም እሷ ራሷ ለእሱ ብላ ዝም እንዳለች፣ እሱ የረሳት መስሏት ስንት ሌሊት ጀርባውን እያየች እንዳደረች ነገረችው። ይህን ሲነጋገሩ ሁለቱም ፊት ለፊት መንገዱን ነበር የሚያዩት።

«ተዝካሩንስ?» አለችው።

«ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም። አልፈልግም የምልበት ምክንያት አጥቼ ነው።» ጥቂት ተራመደና ጨመረ፤ «አሁንም ምክንያት የለኝም። ግን አልፈልግም። ቆላ እወርዳለሁ።»

የብርጓል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። በረሃው የአርበኞች ነው፤ የጣሊያንን ጣራ ሲማግር የኖረ አናጢ እዚያ ሲደርስ ባንዳ ሊባል ይችላል። ሥራውን ጥሎ የጠፋ አናጢ ደግሞ እዚህ ቢያዝ ለሽፍታ ወሬ ወሰደ ይባላል። ሁለቱንም አሰበችው። ከዚያ ብቻውን እንደማይሄድ፣ ሚስቱን ይዞ ልጁን የሚፈልግ ሰው ሰላይ እንደማይመስል ነገረችው። ቢተው አልተከራከራትም።

ማንጠግቦሽ ገብሱን አበጥራ ጨርሳ ጌሾውን ልትወቅጥ ስትሰናዳ ደረሱ። ነገሩን የነገራት ቢተው ነው፤ ስለ ሲኒማው ግን አላነሣም። ለእኅቱ እንዴት ብሎ ያስረዳታል? ማንጠግቦሽ ሙቀጫውን ወደ ጎን አድርጋ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ትቈጣናለች ብለው ሲጠብቁ፣ «እኔ የማውቀው መንገድ ይኸው ብቻ ነው» አለች። «ሦስቱንም በዚሁ ነው የሸኘኋቸው። ለሚጠፋ ልጅ ምን እንደሚደረግ ያሳየኝ ሰው የለም።» ከዚያ ዘመድ ሸኙ ለመባል ሦስቱም አብረው ቢወጡ እንደሚሻል፣ ከአምበር ወዲያም አህያዋን ይዘው መውረድ እንደሚችሉ ተናገረች። የብርጓል ከጎኗ ሄዳ ተቀመጠች። ያን ማታ ማንጠግቦሽ ራሷ ጀምራ፣ ጥሩብርሃን በሕፃንነቷ ቅቤ ዕቃ ውስጥ ገብታ አልወጣ ያለችበትን ቀን አወራች። ቢተው ሳቀ። የብርጓል ባሏ ሲስቅ ፊቱ በየት በኩል እንደሚሰበሰብ ረስታው ነበርና አተኩራ አየችው።

ሰኞ ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ሳይነሣ አህያይቱን ጭነው ወጡ። ቢተው መሣሪያዎቹን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ቆለፈ። የብርጓል ቁልፉን ልትሰጥ ወደ ሸሪፋ በር ሄደች። እኛ በሌለንበት ልጃችን ወዲህ ብትል በሩን ክፈቺላት፣ ጠብቂን ብለዋል በያት አለቻት። ሸሪፋ ቁልፉን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ልጅቱን አይታት እንደማታውቅ፣ በምን ልታውቃት እንደምትችል ጠየቀች። የብርጓል ልትነግራት ጀመረች። የፊት ጥርሷ ወላቃ እንደሆነ ልትል ብላ፣ ያ ጥርስ ይህኔ እንደበቀለ አሰበች። ቁመቷን በእጇ ልታሳይ ከወገቧ ከፍ አደረገች፤ ትንሽ ጨመረች፤ እንደገና ጨመረችና እጇን አወረደችው። ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚስም ትታው አድጋለች። የቀራት የምታሳየው ነገር አልነበረም።

ሸሪፋ እጇን ያዘቻት። «እሺ፣ ስሟስ ማነው?» አለች።

የብርጓል ነገረቻት። እናትና አባት ከማንጠግቦሽና ከአህያይቱ ኋላ ሆነው ከግቢው ሲወጡ ሸሪፋ ከበሩ ላይ ቆማ፣ አፏ እንዲለምደው ያህል፣ ቀስ ብላ ስትደጋግመው ይሰማቸው ነበር።